በአሰብ ማሞቂያ የከፈተ ሰው

ሰኞ፣ ሐምሌ 1988

ተነሣች። ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ደጅ የቆመችው የግርማ መኪና ተነሣች። እኔ ደግሞ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ዘልዬ ወርጄ ቤት ገባሁ።

ረጋ ብዬ ልጻፈው። አለዚያ ነገ ሳነበው የእብድ ወሬ ይመስለኛል። የጎረቤቴ የሐሊማ ባል በምሳ ሰዓት መጥቶ አዲስ ባትሪ ገጠመልኝና ሄደ። መቀመጫውን ጠራርጌ መሪውን ያዝኩ። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ከግርማ በፊት ነው፤ እሱ ግን በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድ ቀን መሪ ሰጥቶኝ አያውቅም። "አንቺ ፍሪሲዮን ታቃጥያለሽ" ነበር የሚለኝ። የሞተ ባል ቢሆንም ለዚህችስ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አሳለ፣ ያዘ።

ከዚያ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ኋላ ውሃ ተንቦጨቦጨ። ሰው አፉን ሲጉመጠመጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ ራሱ። ግርማ ጠዋት ጠዋት ደጅ ቆሞ እንዲያ ነበር የሚጉመጠመጠው፤ ስንት ጊዜ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ቀጥሎ እግሬ ሞቀ። የአሰብን ሙቀት አይደለም የምለው፣ እሱንማ ለምጄዋለሁ። ይሄ ከታች፣ ቅልጥሜ ላይ፣ ቀስ እያለ የሚመጣ ትንፋሽ ነው። የፊት መስተዋቱ ከውስጥ በኩል ጉም ለበሰ። መቀመጫው ሲግል የግርማ ላብ ሸተተኝ። ሞተሩን ማጥፋቴ ትዝ አይለኝም፤ ግን ጠፍቷል፣ ቁልፉም እጄ ላይ ነው።

የምፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሌ የሞተው እዚያው መቀመጫ ላይ ነው። አምና የመሥሪያ ቤቱን እንግዳ አውሮፕላን ማረፊያ አድርሶ ሲመለስ የማረፊያው ዘበኞች መንገድ ዳር ቆሞ አገኙት። ሞተሩ እየሠራ። አራቱም መስኮት ተዘግቶ። ማሞቂያው ተከፍቶ። በሐምሌ፣ በአሰብ! ሐኪሙ ልቡ ነው ብሎ ጻፈ፤ ቄሱም ፍትሐት አደረጉለት፤ ተቀበረ። ለቅሶው ላይ ግን ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። "በአሰብ ማሞቂያ ከፍቶ መስኮት የሚዘጋ፣ መኖር የሚፈልግ ሰው ነው?" አለች አንደኛዋ። ዞሬ እንኳ አላየኋቸውም። ድምፃቸው ግን ዓመት ሙሉ አብሮኝ ከርሟል።

ያንን ወሬ ሐሰት ነው ብዬ እንዳልጥለው፣ ግርማ በመጨረሻዎቹ ወራት ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ወደ አገር ቤት እንግባ ወይስ እንቆይ በሚል ሐሳብ ታምሶ፣ በኋላ ሐሳቡንም ትቶ ዝም አለ። ሳህኑን ሳይነካ ይነሣል። ግድግዳ ያያል። ምነው ስለው "ምንም" ይላል። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን እናቱ እማማ ብርቄ ለሙት ዓመቱ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። አውሮፕላናቸው ቅዳሜ ይገባል፤ ተዝካሩ እሑድ ነው። በስልክ ያሉኝ ይህንን ብቻ ነው፦ "በታክሲ አልሳፈርም። በልጄ መኪና ተቀበዪኝ። አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ።"

ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ወሬው አዲስ አበባ ደርሷል ማለት ነው። ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐቱም አይገባውም ነበር፣ ነፍሱም የት እንዳለች እንጃ ብለው ዓመት ሙሉ ሲብሰለሰሉ ከርመዋል። መልሱን እኔም አላውቀውም።


ማክሰኞ

ሐሊማ ሳቀችብኝ። "ጂን ቢሆን ባትሪ እስኪገጠም ይጠብቃል?" አለችኝ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ሁሉ ነገር የሚደመርና የሚቀነስ ይመስላታል። ነይ እስቲ ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኳትና ሞተሩን አስነሣሁ። ውሃው ተጉመጠመጠ። እግሯ ሞቀ። "ቢስሚላህ" ብላ ወረደች። አሁን ሁለት ፈሪዎች ሆነናል፤ ይሄም አንድ ነገር ነው።

ፀሐይ ስትበርድ ደግመን ገባን። ክሩስኮቱ ላይ አንዲት ዘንግ አለች፣ በአንደኛው ጫፍ ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ የተቀባች። ቀዩ ማሞቂያ መክፈቻ፣ ሰማያዊው መዝጊያ መሆን አለበት አልን። ዘንጓ ያለችው ሰማያዊው ላይ ነው! ወደ ቀዩ ገፋኋት፣ ወደ ሰማያዊው መለስኳት። እንደተነቃነቀ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ትላለች እንጂ ሙቀቱ ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

ስለዚህ ማሞቂያው የተከፈተው በዘንጓ አይደለም። ታዲያ በምን ተከፈተ? በማን? ሐሊማ ቀድማኝ በሩን ከፍታ ስትወርድ የበለጠ ፈራሁ።

የሚያስፈልጉኝ፦
መካኒክ (የከተማው መካኒክ ሁሉ ከባድ መኪና ሥር ተኝቷል፣ ለእኔ ብሎ አይወጣም)
ድፍረት
ሌላ ባል (ይቺን ያስጻፈችኝ ሐሊማ ናት)

ሐሊማ አጎቷን አሚ ኢድሪስን ይዛ መጣች። ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው የጀልባ ሞተር ነው፤ ከየመን ተሻግሮ የሚመጣ የታመመ ጀልባ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚድነው። መኪና ግን ቅር ይላቸዋል፤ ባሕር የሚፈራ ጀልባ ነው ይላሉ። ኮፋኖውን አስከፍተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይሄ ጂን አይደለም። ውሃ ነው" አሉ።

ያሉኝን እንደገባኝ ልጻፍ። ሞተሩን ዞሮ የጋለው ውሃ አብዛኛው ወደ ፊት፣ ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ይበርዳል። ትንሹ ግን በሁለት ጎማ ቱቦ፣ በአንደኛው ገብቶ በሌላው እየወጣ፣ ክሩስኮቱ ሥር የተደበቀች ሌላ ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል። ማሞቂያ የሚባለው እሷ ናት። በመግቢያው ቱቦ ላይ ቫልቭ አለ፤ ሲከፈት የፈላው ውሃ ይገባና እግር ያሞቃል፣ ሲዘጋ አይገባም። መጉመጥመጡስ ስላቸው፣ መኪናዋ ስትቆም ውሃ ጎድሎባት አየር ገብቷል፤ ውሃና አየር አንድ ቱቦ ውስጥ ሲጣሉ ነው እንዲያ የሚጮኹት አሉኝ። ጉሙም ከዚያው ነው፣ የሆነ ቦታ ትንሽ ያልባታል።

ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩት ነገር ቱቦና ውሃ ሆኖ ቢያርፍ ምን ነበረበት። ሞተሩ ግሏል፣ ነገ እመጣለሁ ብለው ሄዱ።


ረቡዕ

ቫልቩን በዓይኔ አየሁት። ይህችን ነው እንዴ ስፈራ የከረምኩት አልኩ። ሁለት ጣት የማትሞላ ነሐስ፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ክንድ ያላት። ከዘንጓ የሚመጣው ቀጭን ገመድ ክንዷን መሳብ ነበረበት፤ እሱ ግን ከተበጠሰ ቆይቷል፣ ጫፉ ዝጓል። ክንዷን ደግሞ ሌላ ሽቦ ወደ መክፈቻው በኩል ጎትቶ ከቱቦው ጋር ጥርቅም አድርጎ አስሯታል። እንዳትዘጋ።

አሚ ኢድሪስ ሳቁ። "ይሄ መኪና ባለቤቱ ድሮ ደገኛ ነበር። ካስመራ ነው የመጣ። ብርድ የሚፈራ ሰው አስሮት ነው።" ቫልቩን ለመዝጋት ቢሞክሩ ጨው በልቶት ደርቋል፤ ከነካሁት ይሰበራል አሉ። "አሰብ ማሞቂያ ምን ይሠራል? እናስቀረዋለን፣ ኸላስ።"

አስቀሩት። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ጣሉት። ሁለቱን ቱቦዎች ከማሞቂያው ነቀሉና አንዲት ቁራጭ የመዳብ ቧንቧ መሐል አስገብተው እርስ በርስ አገናኟቸው፤ ግራና ቀኝ የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ አጠበቁ። ውሃው ከሞተሩ ወጥቶ ማሞቂያውን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ካቻቢቴ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ፋሸታ ማጥበቅም ተማርኩ። ውሃ ሞልተን አስነሣን።

ዝም አለች። የሚጉመጠመጥ የለም። እግሬ ላይ የሚተነፍስ የለም። ሰፈሩን ዞርኩ፣ እስከ ገበያው ሄጄ ተመለስኩ። ፍሪሲዮን አላቃጠልኩም! ሐሊማ ከመስኮቷ አጨበጨበችልኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከመቼ ወዲህ እንደተሰማኝ እንጃ።

እዚህ ላይ ብቆም ምን ነበረ። ግቢውን ስጠርግ የተቆረጠውን ሽቦ አገኘሁት። ልጥለው አንሥቼ አየሁትና መጥረጊያውን አስቀመጥኩ።

ከወደብ የሚመጣ የጭነት ማሰሪያ ሽቦ ነው፤ እንደሱ ያለ ቤታችን ሞልቷል። የውሃ በርሜሉ በሱ ታስሯል፣ የልብስ ማስጫው በሱ፣ የበሩ መቀርቀሪያ በሱ። ግርማ ነው ሁሉንም ያሰረው። አንድ ቀን ጫፉ ቀሚሴን ሲቀድብኝ ስለጮኽኩበት፣ ከዚያ ወዲህ ሽቦ ባሰረ ቁጥር ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ በመዶሻ ይደበድባቸዋል። እጄ ላይ ያለውም ሽቦ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ተደብድበዋል።

ደገኛ አይደለም ያሰረው። የድሮ ባለቤትም አይደለም። ባሌ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ አጎንብሶ፣ ተጠንቅቆ፣ ማሞቂያው እንዳይዘጋ አድርጎ በገዛ እጁ አስሮታል።

ሐሊማ ራት ይዛልኝ መጣች፤ ራሴን አሞኛል ብዬ መለስኳት። ሴቶቹ ትክክል ነበሩ ማለት ነው? የሚቀጥለውን መጻፍ አልችልም።


ሐሙስ

ዛሬ ብዙ ነገር ሆኗል። እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን እዩልኝ። ማን ሊያይልኝ ነው ደግሞ።

ቢሮ አልሄድኩም። ቅዳሜ እማማ ብርቄን ጭኜ ያንን መንገድ ከማለፌ በፊት ብቻዬን ላልፈው ይገባል ብዬ ጠዋት ወጣሁ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው። ከከተማው ወጣ እንዳልኩ ጭነት ተራ የሚጠብቁ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ጋደም ብለዋል። ሰልፉ እስከ ማረፊያው አቅራቢያ ይደርሳል፤ በጎናቸው ሄድኩ። እግሬ ቀዝቃዛ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው። ግርማ የተገኘበትን ቦታ ስደርስ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ አለፍኩት። ማረፊያው በር ላይ አዙሬ ተመለስኩ።

ስመለስ ግን የሙቀት መለኪያው ወጣ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ በኋላ ሲሮጥ። ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ጎረፈ። መንገድ ዳር አወጣኋትና አጠፋኋት። ቀና ብዬ ስመለከት የቆምኩት እሱ ከቆመበት ብዙም ሳልርቅ ነው። ጮኽኩ መሰለኝ።

አንድ ሾፌር ውሃ በጀሪካን ይዞ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ አነጋገሩ የወሎ።

"እታለም፣ ክዳኑን እንዳትነኪ፣ ፊትሽን ይልጥሻል። ይብረድ።" ጥላ ውስጥ አስቀመጠኝ። ከቆየ በኋላ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ከፈተና ውስጡን አየ፤ ከንፈሩን መጠጠ። "የአሰብ ውሃ ጨርሶታል። ነይ እዪው።" የራዲያተሩ ጉሮሮ በነጭ የጨው ቅርፊት ተደፍኗል። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፦ "ታዲያ ሲግልብሽ ማሞቂያውን አትከፍችውም ነበር?"

ምን አልኩት? አላስታውስም። ማሞቂያው ከሞተር ጋር ምን አገናኘው ሳልለው አልቀረሁም።

"እንዴ! እሷም እኮ ራዲያተር ናት፣ ትንሽ ናት እንጂ። ትልቁ ሲደፈን በትንሿ ታስተነፍሺዋለሽ። በዚህ በረሃ ራዲያተሩ የደከመበት ሾፌር ሁሉ ማሞቂያ ከፍቶ ነው የሚነዳ። እኔ ራሴ ከደባይሲማ እስከዚህ እግሬን እየጠበስኩ የገባሁበት ቀን አለ። እግር ይቃጠላል፣ ሞተር ይተርፋል።"

"የሚዘጋ ቫልቭ ቢኖረውና ገመዱ ቢበጠስስ?" አልኩት።

"በሽቦ ማሰር ነዋ! ምን ችግር አለው።"

ተሳቢው ሥር፣ የማላውቀው ሰው ምንጣፍ ላይ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሰውየው የሞተሩ ጉዳይ መስሎት "አይዞሽ፣ የሞተሩ ራስ አልነደደም፣ ውሃ ሞልተሽ ቀስ ብለሽ ትሄጃለሽ" እያለ ያጽናናኛል። ግርማ ሊሞት አይደለም ያሰረው። መኪናዋ ስትግልበት፣ ራዲያተር እስኪያጸዳ፣ ከሾፌሮች የሰማውን ዘዴ ሠርቶ ነው። ለኔም አልነገረኝም፤ ምን ነግሮኝ ያውቅና። እኛ ደግሞ ትናንት ብልህ ሆነን ያንኑ ቆረጥንለት።

እየቆምኩ፣ ውሃ እየጨመርኩ ቤት ገባሁ። እየዘመርኩ ነበር ብል ማን ያምነኛል።

ከሰዓት በኋላ ግን ተኝቼ ጣሪያ ሳይ አንድ ነገር መጣብኝ። ማሞቂያውስ ይሁን። መስኮቱስ? እግሩ የሚቃጠል ሰው መስኮት ይከፍታል እንጂ አራቱንም ይዘጋል? ዘመድ፣ ሾፌር፣ መካኒክ ሁሉ ቢሰበሰብ ይሄን ማን ይመልስልኛል። ደስታዬ ግማሹ ሄደ።


አርብ

አሚ ኢድሪስ ተቀየሙኝ። "ሾፌር ነው አዋቂው? እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ሞተር ስፈታ!" ጁምዓ ሳይሰግዱ አልነካም ብለው ሄዱ። ከሰላት በኋላ ነጭ ለብሰው መጡና ኮፋኖው ላይ ቆመው ቱቦዎቹን በጣታቸው ተከተሉ። በኋላ ሳቁ።

"ያ ቢንቲ፣ ለጀልባ ራዲያተሩ ባሕሩ ነው። ሞተር ሲግል ቱቦውን ባሕር ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ አለቀ። ውሃ ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።" የሐሊማ ሳቅ እስከ ወደብ ሳይሰማ አልቀረም።

የመዳብ ቁራጯን አወጡ፣ ቱቦዎቹን ወደ ማሞቂያው መለሱ። የደረቀው ቫልቭ እንደፈሩት እጃቸው ላይ ተሰበረ፤ ከጀልባ ዕቃ ውስጥ አንድ የሚመስል አገኙና ገጠሙ፤ ከባሕር የመጣ ስለሆነ ጨው አይፈራም አሉኝ። አዲስ ገመድ ጎትተው ከዘንጓ ጋር አሰሩልኝ። አሁን ወደ ቀዩ ስገፋ ይከፈታል፣ ወደ ሰማያዊው ስመልስ ይዘጋል። ማሞቂያውን ክፍት አድርገን ውሃ ሞላን፣ አየሩ እንዲወጣ። ትንሽ ተጉመጠመጠችና ዝም አለች። በዚህ ጊዜ አልደነገጥኩም። ማለቴ፣ ብዙ አልደነገጥኩም።

ራዲያተር የሚያጸዳው ሰው ራሃይታ ቤተሰቡ ጋ ሄዷል፣ ከእሑድ በፊት አይመለስም። ሐሊማ ታክሲ ያዢ አለችኝ። እማማ ብርቄን አታውቃቸውም። በልጄ መኪና ያሉት በልጃቸው መኪና ነው።

ለሳቸው የምለውን ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። "እማማ፣ ማሞቂያው ለሞተሩ ነው።" ጥሩ። "ያሰረው መኪናዋ እንዳትፈላበት ነው።" ጥሩ። "መስኮቶቹ ደግሞ..." እዚህ ላይ ሁልጊዜ አፌ ይያያዛል። መዋሸት እችላለሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ሰው ነው የዘጋው ልላቸው እችላለሁ። ግን ዓይናቸው የግርማ ዓይን ነው፤ ግርማ ደግሞ ስዋሽ ሳያውቅብኝ ቀርቶ አያውቅም።


ቅዳሜ

እማማ ብርቄ አሁን ከጎን ክፍል ጋደም ብለዋል። ሳልረሳው ልጻፈው።

አውሮፕላኑ ዘገየ። ሲወጡ አላወቅኳቸውም፤ በዓመት ውስጥ አጥረዋል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ነጠላቸው ብቻ ነጭ። ሳሙኝ፣ ዕቃቸውን ጫንኩ፣ ከፊት ተቀመጡ። መቀመጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። እኔ የያዝኩትን መሪ አዩት። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ነዳሁ፣ ማሞቂያው ዝግ ነው፣ መለኪያው ደህና ነው። በልቤ እስክንደርስ አይጠይቁኝ ብዬ እለምናለሁ።

"የቱ ጋ ነው?" አሉኝ ገና ጥቂት እንደሄድን።

"ገና ነን እማማ። ስንደርስ አሳይዎታለሁ።"

ከዚያ የጭነት ተራው ተጠራ መሰለኝ፣ የቆሙት ከባድ መኪናዎች ሁሉ በአንዴ ተነሥተው ከፊታችን ወደ መንገዱ ገቡ። አቧራው መንገዱን ሰወረው። ነፋሱም ወደኛ ነበር። እማማ ብርቄ አስም አለባቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲያስሉ ትንፋሽ አጠራቸው።

"ዝጊው ልጄ፣ ዝጊው!"

የሳቸውን ዘጉ። የኔን ዘጋሁ። ወደ ኋላ ተንጠራርቼ የኋላዎቹንም ዘጋሁ። ከባዶቹ እንደ ኤሊ ነው የሚሄዱት፣ ማለፍ አይቻልም፣ መቆምም አይቻልም፣ ከኋላም ሌሎች አሉ። በዝግታ ስንሄድ ነፋስ የማያገኘው ራዲያተር ጋለ። መለኪያው መውጣት ጀመረ። ቀዩ አጠገብ ሲደርስ ሳላስብ ዘንጓን ገፋሁ። ሙቀቱ ወደ እግራችን ወረደ።

መለኪያው ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ።

ያኔ ነው ያየሁት። ሞተሩ እየሠራ፣ አራቱም መስኮት ተዘግቶ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ በሐምሌ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ራሱ ነው አንድ በአንድ ያደረገው። ከውጭ የሚያየን ሰው ቢኖር፣ እነዚህ ሁለት ሴቶች ሊሞቱ ተስማምተዋል ነበር የሚለው።

"ምንድን ነው እግሬን የሚያቃጥለኝ?" አሉ እማማ ብርቄ።

"ማሞቂያው ነው እማማ። እኔ ነኝ የከፈትኩት።"

"በዚህ ሙቀት?"

"ካልከፈትኩት ሞተሩ ይፈላል። እዚሁ መንገድ ላይ እንቀራለን።"

ዞረው የተዘጋውን መስኮት አዩ። የኔን አዩ። የኋላዎቹን አዩ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፍቷል። እሳቸው ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ነበር።

"እሱም እንዲህ ነበር?"

"እንዲህ ነበር እማማ።"

"እንግዲያ ልጄ ወደ ቤቱ እየመጣ ነበራ።"

ራሴን ነቀነቅሁ። ቦታው ላይ ደርሰን አልፈነው ነበር፤ አላሳየኋቸውም፣ እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። አቧራው ሲያባራ መስኮቱን ልከፍት እጄን ስሰድድ "ተዪው፣ እስክንደርስ ይሁን" አሉኝ። እንዲያው እንደተዘጋ፣ እንዲያው እንደጋለ፣ ሁለታችን ላብ በላብ ሆነን እስከ ደጃችን መጣን።

ሞተሩን ሳጠፋ አልወረዱም። "የምጠይቅሽ ነበረኝ" አሉ፤ "ተዪው።" ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግንባሬን፣ አንገቴን፣ የዓይኔን ሥር ጠረጉልኝ። ቀስ ብለው፣ ደግመው ደግመው ነው የጠረጉኝ፤ እኔም እንደ ልጅ ዝም ብዬ ፊቴን ሰጠኋቸው።

"እሱን የጠረገው ሰው አልነበረም" አሉ።

አምና ያን ቀን አቧራ ነበር? ከባዶቹ ተነሥተው ነበር? አላውቅም። ያገኙትን ዘበኞች ሄጄ ብጠይቅ ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል። አልጠይቅም። በግድግዳው በኩል የእማማ ብርቄ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ሲያስሉ ቆይተው አሁን እንቅልፍ ወስዷቸዋል።